ሦስት ሰዓት ላብራቶሪ በሁለት ሰዓት ሒሳብ፦ የጎጃም የባዮሎጂ መምህራን ደመወዝና ሥራ

ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ደመወዝ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ብሩ ይሮጣል። ስንት ያገኛሉ? ስንት ተጨመረላቸው? ለዚያ ብር ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ከሠሩትም ውስጥ የትኛው ተቆጥሮ የትኛው እንደሚቀር ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የባዮሎጂ መምህራንን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ደግሞ ይሄ ያልተቆጠረው ሥራ ነው።

ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ትልቁ ባሕር ዳር ነው። ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ዛሬ በአገር ደረጃ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት አንዱ ነው። ደብረ ማርቆስ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። እንጅባራ ደግሞ ገና የቅርብ ጊዜ ነው። የሦስቱም መምህራን የሚከፈላቸው በአንድ አገራዊ የደመወዝ ስኬል ነው። ባሕር ዳር ያለ ሌክቸረርና እንጅባራ ያለ ሌክቸረር ደረጃቸው እኩል ከሆነ መነሻ ደመወዛቸውም እኩል ነው። የተማሩት ትምህርትም ልዩነት አያመጣም። የታሪኩም፣ የሒሳቡም፣ የባዮሎጂውም ረዳት ፕሮፌሰር እርከኑ አንድ ነው።

ይሄን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። እስቲ ወደ ሥራው እንግባ።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው አሠራር አንድ መምህር ከጊዜው 75 በመቶውን ለማስተማር፣ 25 በመቶውን ለምርምር እንዲያውል ነው። የማህበረሰብ አገልግሎትም ከግዴታው ውስጥ ነው። ማስተማሩ የሚለካው መምህራኑ «ሎድ» በሚሉት ነው። ሙሉ ሎድ በሳምንት 12 የሌክቸር ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። አንድ ሰዓት ሌክቸር አንድ ተብሎ ይቆጠራል። አንድ ሰዓት ላብራቶሪ ግን አንድ አይባልም፤ የአንድ ሰዓት ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ቆሞ የዋለ መምህር ወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት ሁለት ሰዓት ነው።

በሌክቸር ብቻ 12ቱን የሚሞላ መምህር ክፍል ውስጥ የሚያሳልፈው 12 ሰዓት ነው። በላብራቶሪ ብቻ የሚሞላ ግን 18 ሰዓት መቆም አለበት። ደመወዙ ያው ነው። ላብራቶሪው ደግሞ የሚወርደው በአብዛኛው ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ባሉት ወጣት መምህራን ላይ ነው። ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለው ሰው ከሁሉ የረዘመውን ሰዓት ይቆማል ማለት ነው።

ላብራቶሪ የሌክቸርን ያህል ዝግጅት አይፈልግም፣ ንድፈ ሐሳቡን ያስረዳው ሌክቸረሩ ነው፣ ላብ ላይ ተማሪው ራሱ ነው የሚሠራው የሚል ክርክር አለ። ረዳት ቴክኒሻን ባለበት፣ ኬሚካሉ በሰዓቱ ተለክቶ በሚቀርብበት ቦታ ይሄ ክርክር ትንሽ እውነት ይኖረዋል። እኛ ጋ ግን የሚታየው ሌላ ነው።

አንድ የማይክሮባዮሎጂ ላብ እንውሰድ። ሐሙስ ጠዋት ተማሪዎች ባክቴሪያ ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሊያዩ ነው እንበል። ግራም ስቴይን የሚባለው፣ ማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። መምህሩ ሥራ የሚጀምረው ማክሰኞ ነው። ባክቴሪያው የሚበቅልበትን ዱቄት ይመዝናል፤ በውሃ ይበጠብጣል፤ ያፈላል። ኦቶክሌቭ ውስጥ ከቶ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያመክነዋል። ሲወጣ ትንሽ እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ብዙ ከቆየ ግን ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ይረጋበታል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ልሥራ ብሎ ትቶት መሄድ አይችልም። በፔትሪ ዲሾቹ ላይ አንድ በአንድ ያፈሳል። ረቡዕ ባክቴሪያውን ይዘራና 37 ዲግሪ ላይ ኢንኩቤተር ውስጥ ያሳድራል። ክሪስታል ቫዮሌቱን፣ አዮዲኑን፣ አልኮሉን፣ ሳፍራኒኑን ያዘጋጃል። ስላይዶቹ የታጠቡ መሆናቸውን ያያል። ከስንቱ ማይክሮስኮፕ ስንቱ እንደሚሠራ ይፈትሻል።

ረቡዕ ማታ መብራት ከጠፋ ኢንኩቤተሩ ይቀዘቅዛል፤ ባክቴሪያውም በወጉ አይበቅልም። ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ላይ ይሥላል።

ሁሉ ከተሳካ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክፍሉ በአንዴ የሚችለው 25 ተማሪ ከሆነና ተማሪው 50 ከሆነ ያንኑ ሦስት ሰዓት ሁለት ጊዜ ይሠራል። ከዚያ ያገለገሉትን ፔትሪ ዲሾች መልሶ ማምከን አለ። ባክቴሪያ ያለበትን ነገር ዝም ብሎ ቆሻሻ ላይ መጣል ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። ዕቃ ማጠብ አለ። የላብ ሪፖርት ማረም አለ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከሠራው ሁሉ ወረቀት ላይ የሚወጣለት የሐሙሱ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያውም ተቀንሶ።

ይሄን ሥራ መሥራት ያለበት ቴክኒካል አሲስታንት ነው። የሥራ መደቡ በመዋቅር ላይ አለ። ግን ብዙ ቦታ ሰው የለም፤ ቢኖርም አንድ ሰው ለባዮሎጂውም ለሌላውም ይሯሯጣል። ለምን ሰው እንደማይቆይ ግልጽ ነው። የቴክኒካል አሲስታንት ደመወዝ ዝቅተኛ ነው፤ የማደጊያ መንገዱም ጠባብ ነው። ሠልጥኖ እጁ ሥራ የለመደ ልጅ የተሻለ ካገኘ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል?

ወደ ብሩ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ መንግሥት የሲቪል ሰርቫንቱን ደመወዝ ሲያሻሽል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነው የሄደው። የታችኛው ከአራት እጥፍ በላይ አደገ፤ የላይኛው 5 በመቶ ገደማ ብቻ። ለዝቅተኛ ተከፋዩ መጨመሩ ትክክል ነበር። በ1,100 ብር ቤተሰብ ይኑር ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን ጭማሪው ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር እያነሰ የሚሄድ ስለነበር፣ ወደ ላይኛው እርከን የሚጠጉት የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደረሳቸው ጥቂት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሦስተኛ ዲግሪ ብሎ ዓመታት የቆጠረ ሰው ከመነሻው ያለው ርቀት በአንድ ጊዜ ጠበበ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ሁለተኛ ማሻሻያ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆነ። በመደበኛው ስኬል የባለ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ተነሳ። ይሄኛው የላይኞቹንም አስታውሷል።

ግን በመሀል ብሩ ራሱ ተለውጧል። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት፣ እስከ ሐምሌ 2016 አጋማሽ ድረስ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። አሁን ከ130 ብር በላይ ከሆነ ቆይቷል። የድሮው ጣሪያ 20,468 ብር በ57 ሲካፈል ወደ 359 ዶላር ይመጣል። የአዲሱ ጣሪያ 39,000 ብር በ140 ሲካፈል 279 ዶላር አይሞላም። መምህሩ ዳቦ የሚገዛው በብር ነው፣ ዶላር ምን አገባው ሊባል ይችላል። ግን የባዮሎጂ መምህር ላፕቶፑ፣ ስልኩ፣ የሚሳፈርበት መኪና ነዳጅ ሁሉ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። የላብራቶሪው ኬሚካልም እንዲሁ። የዲፓርትመንቱ በጀት በብር እንዳለ ቆሞ የሳፍራኒኑ ዋጋ ሲወጣ፣ ሐሙስ ጠዋት ጠመኔ የሚነሳበት ቀን ይበዛል።

ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠውንም እንይ። በ2017 መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በየደረጃው ከ15 እስከ 35 በመቶ ይሄዳል፤ 35ቱ የሚጀምረው ከ14,000 በላይ ካለው ብር ላይ ነው። 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይቆረጣል። ለምሳሌ 11,500 ብር የሚያገኝ አዲስ ባለ ዲግሪ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ብር ይሆንና እጁ የሚገባው 8,595 ነው። ይሄ ገና ለዕቁብ፣ ለማህበር፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሳይነሳ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ልጅ ይዞ ቤት የተከራየ ሰው ይሄ ሒሳብ ወዴት እንደሚሄድ ያውቀዋል። የቤት አበል አለ፤ ኪራዩ ግን ከአበሉ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። አከራይ ዘንድ ደግሞ «የዩኒቨርሲቲ መምህር» የሚለው ስም ዋጋ ያስወድዳል። «መምህር፣ እርስዎማ ምን ቸገርዎት፣ ደመወዝተኛ ነዎት» ይባላል።

ከ12 ሰዓት በላይ ያስተማረ ኦቨርሎድ ይከፈለዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ላብራቶሪ ሲቀነስ ኦቨርሎዱም አብሮ ይቀነሳል። 18 ሰዓት ላብ የቆመው ሰው ኦቨርሎድ ዜሮ ነው፤ 12 ብቻ ነውና የተቆጠረለት። ሁለተኛ፣ ደመወዙ ከ14,000 ያለፈ መምህር ኦቨርሎድ 1,000 ብር ቢሠራ 350ው ለግብር ይሄዳል። ክፍያውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ነው። ወር ከወር ለማድረስ ለሚታገል ሰው ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣ 650 ብር ዛሬን አያሻግርም።

«ታዲያ ጎን ለጎን ይሥሩ» የሚል ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ይሠራል። የሕግ መምህር ፈቃድ ካወጣ ጥብቅና ይቆማል። ሐኪሙ የግል ክሊኒክ ይሄዳል። የሲቪል ምህንድስናው ዲዛይን ይሠራል፣ ያማክራል። የአካውንቲንጉ የነጋዴ መዝገብ ይይዛል። ባዮሎጂስቱስ? ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የእጽዋት ታክሶኖሚስት፣ ማለትም ዝርያ የሚለይ ባለሙያ፣ የሚቀጥር ማን አለ? በግል ጤና ኮሌጆች ጥቂት ሰዓት አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂ ይገኛል። ያም ለሁሉም አይደርስም። ስኬሉ እኩል ነው ሲባል ይሄ ይረሳል። ለአንዱ ደመወዙ ከገቢዎቹ አንዱ ነው። ለባዮሎጂው መምህር ያለው ያ ብቻ ነው።

በኅዳር 2015 መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በአገር ደረጃ ሥራ ማቆም ውስጥ የገቡት ይሄ ሁሉ ተጠራቅሞ ነበር። በጥቂት ቀናት ተመለሱ፤ ቃል ተገባ። ቅሬታው ግን በደመወዝና በደረጃ ዙሪያ ብቻ ቀረ። የላብራቶሪ ሰዓት ጉዳይ ከጥቂት ዲፓርትመንቶች በቀር ማንንም ስለማይነካ በትልቁ ጥያቄ ውስጥ ተዋጠ።

ሥራው ደግሞ በዚህ መሀል ቅርጹን ቀየረ። ሰባ ሠላሳ በተባለው የምደባ ፖሊሲ ዘመን ከተማሪው 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይላክ ስለነበር የባዮሎጂ ዲፓርትመንቶች በተማሪ ሞልተው ነበር። መምህርም በገፍ ተቀጠረ። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረና እውነቱ ወጣ። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አነሰ። ከገባው ውስጥ ባዮሎጂን ብሎ የሚመርጠው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ሥራ የት አለ ብሎ ይፈራል፤ አልፈርድበትም።

ተማሪ ሲያንስ ሥራ ይቀላል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። የሆነው ግን ሥራው ከዲፓርትመንቱ ወጥቶ መበተኑ ነው። የባዮሎጂ መምህር ዛሬ ለፍሬሽማን ጀነራል ባዮሎጂ ያስተምራል። ለሬሜዲያል ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ የቀረውን ባዮሎጂ እንደገና ያስተምራል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ ተመራቂዎችን በትርፍ ሰዓት ያስጠናል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ሊፈትን ይላካል። በክረምት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ይመጣሉ። ይሄ ሁሉ ሲደማመር ለምርምር የተባለው 25 በመቶ የሚገኘው ከእንቅልፍ ላይ ነው። የደረጃ ዕድገት ደግሞ የሚጠይቀው የታተመ ጽሑፍ ነው። ያለ ምርምር ዕድገት የለም፤ ያለ ዕድገት ደመወዙ ጭማሪ ከመጠበቅ በቀር መንገድ የለውም።

ሬሜዲያሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ መምህራን «ፒኤችዲ ይዤ የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ግን እነዚያ ልጆች ሴል የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ትምህርት ቤታቸው ማይክሮስኮፕ የለውም፤ ወይም ካርቶኑ አልተከፈተም። ያልተከፈተበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ያስተማራቸው መምህር ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በማይክሮስኮፕ በደንብ አለመሥራቱ ነው። ሐሙስ ጠዋት በጠመኔ የተማረው ልጅ ተመርቆ ቡሬ ወይም ሞጣ ሲመደብ እሱም በጠመኔ ያስተምራል። የሱ ተማሪ 12ኛ ላይ ይወድቅና ሬሜዲያል ሆኖ ደብረ ማርቆስ ይመጣል። ላብራቶሪውን ያልቆጠረው ሎድ የሚያስከፍለው ዋጋ ዞሮ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ይደርሳል።

በዚህ ላይ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት አለ። የትምህርት ካላንደሩ ተዘበራረቀ። መንገድ ይዘጋል። ለባዮሎጂ ደግሞ ትልቁ ጉዳት መስክ መውጣት አለመቻሉ ነው። ከደብረ ማርቆስ ጮቄ ሩቅ አይደለም። ጅባራ የሚባለው የውርጭ አገር ረጅም ተክል ቆሞ የሚታይበት፣ ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው የእጽዋት ለውጥ በአንድ ተራራ ላይ የሚነበብበት ቦታ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሌላ የትም የማይገኙ የቢልጫ ዓሣ ዝርያዎች አሉበት። እንዲህ ያለ ቦታ አጠገብ ተቀምጦ ሥነ ምህዳርን ከስላይድ ላይ ማስተማር ያሳዝናል። መምህሩንም ተማሪውንም አልወቅስም፤ ሕይወት ይቀድማል።

አካባቢው ባዮሎጂስት አያስፈልገውም የሚል ካለ እምቦጭን ያስታውስ። ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ስንት ገንዘብ፣ ስንት የሕዝብ ጉልበት ፈሰሰበት። እንጅባራ ባለበት በአዊ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ጉዳይ አለ። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። በቅርብ ዓመታት ዋግ የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዛፉን ያደርቀው ጀመር። ገበሬው የታመመውን ቅርንጫፍ ይዞ «መምህር፣ ይሄ ምን የሚሉት ነው? ምን እናድርግ?» ሲል መልስ መስጠት ያለበት እዚያው እንጅባራ ያለ ባዮሎጂስት ነው። ያን ቅርንጫፍ ላብራቶሪ ወስዶ፣ ፈንገሱን አይቶ፣ ለይቶ መናገር የቀናት ሥራ ነው። የማህበረሰብ አገልግሎት የሚባለው ይሄ ነው። በሎድ ቅጹ ላይ ግን ስንት ሰዓት ተብሎ ይሞላ?

ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ መንገዱ ተከፍቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል። የጎጃሞቹም ተራ ይደርሳል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ራሱ እየፈለገ፣ ደመወዙንም ራሱ እየወሰነ ይሄዳል። ያኔ ገቢ የሚያመጣው ዲፓርትመንት ከፍ ብሎ ሊከፈለው፣ የማያመጣው ሊረሳ ይችላል። ባዮሎጂ ከአሁኑ ካልተዘጋጀ ከሚረሱት አንዱ ይሆናል። መዘጋጀት ስል ሎሬት መሆን አይደለም። የውሃ ጥራት ምርመራ፣ የወተትና የምግብ ማይክሮባዮሎጂ፣ የእጽዋት በሽታ ልየታ፣ የእንጉዳይ ዘር ማባዛት፤ እነዚህ ሁሉ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ውስጥ ደንበኛ ሊኖራቸው የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ለዚህም ግን መጀመሪያ የሚሠራ ላብራቶሪና በላብራቶሪው የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል። ከገቢውም ለሠራው ሰው በግልጽ የተጻፈ ድርሻ ይኑረው፤ አለበለዚያ ማንም በነጻ አይሠራም።

የስኬሉ ጉዳይ የሚወሰነው አዲስ አበባ ነው። ስለሱ መጠየቅ ይቀጥላል፣ መቀጠልም አለበት። አንድ ሰዓት ላብራቶሪ አንድ ሰዓት ተብሎ ይቆጠር የሚለውም በሴኔት መወያየትን፣ ምናልባትም ከሚኒስቴሩ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። የሎድ ቅጹ የሚሞላው ግን ዲፓርትመንት ውስጥ፣ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ነው። እዚያ ቅጽ ላይ «የላብ ዝግጅት» የምትል አንዲት ረድፍ ለመጨመር በጀት አያስፈልግም። ለጊዜው ባይከፈልባትም የማክሰኞውና የረቡዑ ሥራ በቁጥር ይጻፍባት። ቴክኒሻን ስጡን ብሎ የሚጠይቅ የዲፓርትመንት ኃላፊ የሁለት ሴሚስተር እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቢገባ፣ ዛሬ በቃል ብቻ እየተነገረ የሚታለፈው ነገር የሚፈረምበትና መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ይሆናል።